ማስጠናት ጠዋት ገበያ የለውም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሥራና ኑሮ

ጥያቄ

ለዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። በባሕር ዳር ከተማ በአንድ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርት ነኝ፤ በሙያው ዘጠኝ ዓመት ቆይቻለሁ። በሳምንት 28 ክፍለ ጊዜ አስተምራለሁ፤ በየክፍሉ ከ50 የማያንሱ ተማሪዎች አሉ። ማታ ማታ ደግሞ ቤቴ ሆኜ አራት ልጆችን በቴሌግራምና በጎግል ሚት አስጠናለሁ። እያንዳንዳቸው በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ሰዓት እየተማሩ በወር 1,500 ብር ይከፍሉኛል። ከትምህርት ቤቱ ተጣርቶ እጄ የሚገባው 11,000 ብር ነው። አራት ልጆች በጥቂት ሰዓት 6,000 ብር ካስገኙልኝ፣ ሙሉ ጊዜዬን ሰጥቼ አሥራ አምስት ወይም ሃያ ልጅ ብይዝ ምን አለበት፣ ለምንስ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ በጠመኔ ብናኝ ውስጥ እጮኻለሁ የሚል ሐሳብ ካደረብኝ ሰነበተ። ባለቤቴ ግን «የወር ደመወዝ ይዘሽ እያለ ኔትወርክ ላይ ኑሮ አይመሠረትም» ይለኛል። ሁለት ልጆች አሉን፤ የምንኖረው በኪራይ ቤት ነው። በዚህ ዓመት መጨረሻ መልቀቂያ ባስገባ ተሳሳትሽ ትሉኛላችሁ? ብለቅስ ከሕግና ከግብር አንጻር ማሟላት የሚገባኝ ምንድን ነው?

መምህርቷ፣ ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር

መልስ

በዚህ ዓመት መጨረሻ ሙሉ በሙሉ እንዲለቁ አልመክርዎትም፤ ክፍለ ጊዜዎን ወደ ግማሽ ዝቅ የሚያደርግ ውል እንዲጠይቁ ግን አጥብቄ እመክራለሁ። ይህን የምለው የባለቤትዎ ሥጋት አሸንፎኝ አይደለም። ሥጋታቸው ተገቢ ነው፤ ወደ እሱም እመለሳለሁ። እኔን ያሳሰበኝ ግን የሰዓቱ ነገር ነው።

አራቱን ልጆች የሚያስጠኑበትን ሰዓት እስቲ ልብ ይበሉት። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ትምህርት ቤት ስለሚውሉ፣ ቤት ገብተው መክሰስ ቀምሰው ስልክ ወይም ላፕቶፕ ፊት የሚቀመጡት ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ነው፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲያልፍ ደግሞ ወይ ያንቀላፋሉ ወይ ወላጅ «ይበቃል» ይላል። ከዚህ ሌላ ያለው ቅዳሜና፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሚተርፈው ግማሽ ቀን ነው። ከትምህርት ቤቱ ቢለቁ በእጅዎ የሚገባው ጊዜ ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ያለው ነው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ከፍሎ ሊማርልዎት የሚችለው ልጅ ሁሉ ሌላ መምህር ፊት ተቀምጧል። እንግዲህ ቢለቁም ባይለቁም የሚያስጠኑት በዚያው ምሽት ነው፤ ምሽቱ ደግሞ ሥራ ስለለቀቁ አይረዝምም። የራስዎ ሁለት ልጆች የቤት ሥራና የእራት ሰዓትም ይኸው መሆኑን አይዘንጉ። በደብዳቤዎ ያላነሱት፣ ለእኔ ግን ከኔትወርኩ ይልቅ ከባድ መስሎ የታየኝ ጉዳይ ይህ ነው።

ጠዋት የሚማር ልጅ ጭራሽ የለም ማለቴ አይደለም። በመንግሥት ትምህርት ቤት በፈረቃ የሚማሩ ልጆች ግማሽ ቀናቸው ክፍት ነው፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ወላጆች 1,500 ብር አይችሉም፣ ልጆቹም ቀን የሚይዙት የራሳቸው ስልክ የላቸውም። ሌላው ብዙ ሰው የሚያነሣው ውጭ አገር የሚያድጉ የሐበሻ ልጆችን ማስተማር ነው። እዚህም ላይ ሰዓቱን ማስላት ይገባል፦ እኛ ዘንድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን በዋሽንግተን ገና ሌሊት ነው፤ እዚያ ካሉት ልጆች ጋር የሚገጥመው የእኛ ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ ሲሆን፣ ለእነሱ እንደ ወቅቱ ጠዋት 2 ወይም 3 ሰዓት ይሆናል። የእኛን ጠዋት የሚፈልግ አገር ቢኖር አውስትራሊያ ነው፤ የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ለሜልቦርን ልጆች ከትምህርት ቤት የሚመለሱበት 10 ወይም 11 ሰዓት ነው። እዚያ ዘመድ ወይም የድሮ ተማሪ ካለዎት አንድ ሁለት ቤተሰብ መጠየቅ አይከፋም፤ በዚህ ላይ ተመሥርቶ ደመወዝ መተው ግን አይቻልም።

አሁን ወደሚሸጡት ነገር ልምጣ። ወላጅ ገንዘብ የሚከፍልዎት ስለሚያብራሩለት ትምህርት ብቻ አይመስለኝም፤ ማብራሪያ በዩቲዩብም በቴሌግራም ቻናልም በነጻ ሞልቷል። ክፍል ውስጥ ሊያደርጉት የማይችሉትንና ማታ ሊያደርጉት የሚችሉትን አንድ ነገር በምሳሌ ላሳይ። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ 8 − (5 − 2) የሚለውን ሲሠራ 8 − 5 − 2 ብሎ ይጽፍና 1 ያወጣል፤ ትክክለኛው መልስ 5 ነው። ሃምሳ ደብተር በአንድ ሌሊት የሚያርሙ መምህርት ኤክስ ምልክት አድርገው ያልፋሉ፤ ሌላ ምርጫም የላቸውም። ልጁም ሒሳብ አይገባኝም ብሎ ይደመድማል። ነገሩ ግን ልጁ መደመርና መቀነስ ያውቃል፤ ያልያዘው ከቅንፉ ፊት ያለው የመቀነስ ምልክት በቅንፉ ውስጥ ያለውን ሁለተኛ ቁጥር ምልክት እንደሚለውጥ ብቻ ነው። ይኸው አንድ ስሕተት በአሥራ አንደኛና በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ባሉት ረጃጅም ጥያቄዎች ሁሉ ውስጥ ተደብቆ ይከተለዋል። የደብተሩን ገጽ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ሲልክልዎት፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ቀይ ክብ አድርገው በአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት «እዚህ ጋ ቆም በልና ምልክቱን እንደገና እየው» ብለው ሲመልሱለት፣ ወላጅ የሚከፍለው ለዚያች ደቂቃ ነው። ልጃቸው የሚደናቀፍበትን መስመር ያየ ሰው አግኝተው ስለማያውቁ፣ አንዴ ካገኙ አይለቁም፤ ለጎረቤትም ይናገራሉ።

እዚህ ላይ ጠዋትዎ ሥራ ያገኛል። ደብተር ማየት ልጁ ፊትዎ እንዲቀመጥ አይጠይቅም፤ ማታ የተላከውን በማግሥቱ ጠዋት አይተው መመለስ ይችላሉ። ይህ ሥራ ግን ግማሹን ጠዋት እንጂ ሙሉውን አይሞላም። ግማሽ የትምህርት ቤት ውል፣ ግማሽ የደብተር ሥራ፣ ምሽቱ ማስጠናት ብዬ ያሰብኩት ከዚህ ተነሥቼ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ሃያ ልጅ ለየብቻ ማስጠናት በሳምንት 40 ሰዓት ይጠይቃል፤ ምሽቶችዎን ሁሉ ደምረው ቅዳሜን ቢጨምሩበትም አይበቃም። ስለዚህ አራቱን ልጆች ለየብቻ እንደያዙ፣ ሌሎቹን አራት አራት አድርገው በቡድን ማስጠናት ግድ ይሆናል። አራት ቡድን ሲመሠረትና እያንዳንዱ ልጅ ለምሳሌ 800 ብር ሲከፍል 12,800 ብር ይሆናል፤ ከአራቱ 6,000 ብር ጋር በወር 18,800 ብር። ፊት ለፊት የሚያስተምሩት በሳምንት 16 ሰዓት ብቻ ነው። ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ይህ ገቢ በዓመት አሥራ ሁለት ወር አይገኝም። መስከረም ወላጅ ለደብተርና ለዩኒፎርም፣ ለምዝገባና ለበዓል የሚያወጣበት ወር ስለሆነ ማስጠኛ አያስብም፤ ሐምሌና ነሐሴ ልጁ ዕረፍት ነው። ከጥቅምት እስከ ሰኔ ባሉት ዘጠኝ ወራት 169,200 ብር ያገኛሉ፤ ለአሥራ ሁለት ወር ሲካፈል 14,100 ብር ነው። ከዚህ ላይ የኢንተርኔት፣ የፓወር ባንክ፣ የወረቀትና የግብር ወጪ ሲቀነስ አሁን ከሚያገኙት ደመወዝ ብዙ አይርቅም፤ ያውም ሃያ ልጆች ሞልተው ሳይጎድሉ ከቀሩ ነው።

በደመወዝዎ ላይ የማይታይ ሌላ ገንዘብም አለ። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ መሠረት ከደመወዝዎ 7 በመቶ ከእርስዎ ይቆረጣል፤ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ይጨምርበታል። ሲለቁ ሁለቱም ይቆማሉ። ስለዚህ ስለ ግማሽ ውል ሲነጋገሩ ቋሚ ሠራተኛነትዎ እንዳይነካ፣ ክፍለ ጊዜውና ደመወዙ ብቻ እንዲቀንስና የጡረታ መዋጮው እንዲቀጥል በጽሑፍ ይስማሙ። «ፓርት ታይም ትሆኛለሽ» በሚል የቃል ስምምነት ብቻ ከተዉት፣ የዘጠኝ ዓመቱ አገልግሎት ላይ ምን እንደደረሰ የሚያውቁት ከብዙ ዓመት በኋላ ይሆናል።

ባለቤትዎ ስለ ኔትወርክ የተናገሩትን ቀለል አድርጌ አላየውም። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወር መጨረሻ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት እንደቆየ እርስዎ በቦታው ስለነበሩ ከእኔ በላይ ያውቁታል። በዚያን ጊዜ ሥራው በሙሉ በስልክ ዳታ ላይ የቆመ ሰው ምን ሊያደርግ ይችል እንደነበር ያስቡት፤ የራስዎ ቤት የመስመር ኢንተርኔት ቢኖረው እንኳ ተማሪው በሞባይል ዳታ ነውና አይገናኙም። ስለዚህ የማስጠናት ሥራው «በኢንተርኔት» ይባል እንጂ፣ ኢንተርኔት በሌለበት ቀንም መቀጠል የሚችል ሆኖ መደራጀት አለበት። ባሕር ዳር ለዚህ ምቹ ከተማ ናት፤ መሬቱ ሜዳ ነው፣ ልጆች በብስክሌት ይመጣሉ። ከቡድኖቹ ቢያንስ ሁለቱን ቤትዎ በእግር ወይም በብስክሌት ሊደርሱ ከሚችሉ ልጆች ያዋቅሩ፤ ቡድኑን ከአራት በላይ እንዳያደርጉ ያልኩትም አራት ልጅ በአንድ ገበታ ዙሪያ ስለሚቀመጥ ነው። ለሩቆቹ ደግሞ የየሳምንቱን መልመጃ አስቀድመው አትመው በእጃቸው ያድርጉ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ በመደበኛ የስልክ ጥሪ «ገጽ ሦስት፣ ተራ ቁጥር አምስት» ብሎ ማስጠናት ይቻላል። መብራት ሲጠፋም እንዲሁ።

ስለ መሣሪያው ብዙ አልልም። ጎግል ሚት በነጻ ሲሆን ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው ያለበትን ስብሰባ በ60 ደቂቃ ይዘጋዋል፤ ዙም በ40 ደቂቃ። የቡድኑን ትምህርት 55 ደቂቃ አድርገው የቀረውን በደብተር ፎቶ መጨረስ ለገንዘብዎም ለልጆቹ ትኩረትም ይሻላል። ሰሌዳ አይግዙ፤ ስልክዎን ከወረቀት በላይ የሚይዝ ማቆሚያ ይበቃል፤ ልጁ ፊትዎን ሳይሆን የሚጽፈውን እጅዎን ይየው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የወላጅ ፍርሃት ከፍ ብሏል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። ይህ ፍርሃት ገበያ ይፈጥራል፤ «እናሳልፋለን» ብሎ የሚለጥፈውም ስንት ነው። እርስዎ ይህን ቃል በጽሑፍም በአፍም አይስጡ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ በጥር ወር መጥቶ «ለሐምሌ አድርሱኝ» ሲል የጎደለው የአምስት ዓመት ሒሳብ ሊሆን ይችላል፤ ባይሳካለት ስምዎ አብሮ ይወድቃል። እኔ ብሆን ከሃያዎቹ ልጆች አብዛኞቹን ከሰባተኛ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ካሉት እመርጣለሁ። ስሕተታቸው ገና አልደነደነም፤ ከያዟቸውም ሦስትና አራት ዓመት አብረዎት ይቆያሉ። በየዓመቱ አዲስ ደንበኛ ፍለጋ መውጣት የሚቀረው እንዲህ ሲሆን ነው።

ሕጉን በተመለከተ፣ የግል ትምህርት ቤት መምህርት በመሆንዎ የሚገዛዎት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በአዋጁ መሠረት መልቀቅ የፈለገ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ አሠሪውም የሥራ ልምድ ማስረጃ የመስጠት ግዴታ አለበት። ቀኑ ቢፈቅድልዎም በትምህርት ዘመኑ መካከል አይልቀቁ፤ ወላጆች ይህን አይረሱም፣ ነገ የሚፈልጉት ደግሞ እነሱን ነው። የትምህርት ቤቱን የፈተና ወረቀቶችና የወላጆች ስልክ ዝርዝር ይዞ መውጣትም ተገቢ አይደለም፤ መልመጃዎቹን እንደ አዲስ ያዘጋጁ።

ሥራው አራት ልጅ ከማስጠናት አልፎ መደበኛ ገቢ ሲሆን በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት መመዝገብ ያስፈልጋል። ወደ ክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሲሄዱ በየትኛው የሥራ መደብ እንደሚመዘግቡዎትና ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚጠይቁት የብቃት ማረጋገጫ ካለ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ምዝገባው ከተጀመረ በኋላ መደብ ማስለወጥ አድካሚ ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር እንደ ተቀጣሪ ስላለዎት ሌላ አያወጡም፤ በዚያው ይቀጥላሉ። በገቢ ግብር ሕጉ ደመወዝዎ በሠንጠረዥ «ሀ» (የቅጥር ገቢ)፣ የማስጠናቱ ትርፍ በሠንጠረዥ «ሐ» (የንግድ ሥራ ገቢ) ለየብቻ ይታያል። ገቢና ወጪዎን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በደብተር ይያዙ፤ ወላጆች ወር ሲገባ በቴሌብር ወይም በባንክ እንዲከፍሉ ካደረጉ ግማሹ መዝገብ በራሱ ይያዛል። ልብ ማለት የሚገባዎት፣ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ የግብርና የፈቃድ ዕድሳት ጣጣ የሚመጣው ልክ ተማሪ በሌለበት በክረምት ነው። ከየወሩ ገቢ አንድ አምስተኛውን ሌላ ሒሳብ ውስጥ ያስቀምጡና እስከ ሐምሌ አይንኩት፤ የክረምቱን የቤት ኪራይና ግብሩን የሚሸከመው እሱ ነው።

ርእሰ መምህሩን የሚያነጋግሩት በግንቦት ይሁን፤ የቀጣዩ ዓመት የክፍለ ጊዜ ድልድል ሳይሠራ። ጥሩ የሒሳብ መምህር በቀላሉ አይገኝምና 14 ክፍለ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ተደርጎልዎት ቢቆዩ ለትምህርት ቤቱም ጥቅም መሆኑን ሳይሽኮረመሙ ያስረዱ። እምቢ ካሉ ሌሎች ትምህርት ቤቶችን በዚሁ ዓይነት ውል ይጠይቁ። ግማሽ ውሉ በየትም በኩል ካልተገኘ አንድ ዓመት እንዳሉ ሆነው ሁለት ቡድን ብቻ ይጨምሩና የሚቀጥለው ጥቅምት ሲገባ ከሰኔው ልጆች ስንቶቹ እንደተመለሱ ይቁጠሩ። አብዛኞቹ ማስታወቂያ ሳያስፈልግ ከተመለሱና የክረምቱን ወጪ ያለ ብድር ከተሻገሩት፣ ያን ጊዜ መልቀቂያውን ቢጽፉ አልቃወምም።

ጥያቄ

እኔ ደግሞ በመንግሥት ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነኝ። ማታ በቴሌግራም ማስጠናት ልጀምር አስቤያለሁ፤ ከእኔው ክፍል ብዙ ተማሪዎች «እርስዎ ያስጠኑን፣ እንከፍላለን» እያሉኝ ነው። ብቀበላቸው ችግር አለው?

መምህሩ፣ ከባሕር ዳር

መልስ

አይቀበሏቸው። እርስዎ ፈተና የሚያወጡለት፣ የሚያርሙለትና ውጤት የሚሞሉለት ልጅ ማታ ገንዘብ ከከፈለዎት፣ ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆኑ ያልከፈለው ልጅና ወላጁ አያምኑዎትም፤ የቀን ማብራሪያዎን ሆን ብለው እንዳሳጠሩትም ያወራሉ። የመንግሥት ሠራተኛ በመሆንዎ ጉዳዩ የዲሲፕሊን ክስ ሊያስከትል እንደሚችልም ይወቁ። የሌላ ትምህርት ቤት ልጆችን ለማስጠናት ግን መንገዱ አለ፦ ተጨማሪ ሥራ ስለመሥራት ያለውን ደንብ ከትምህርት ቤቱ የሰው ኃይል ክፍል በጽሑፍ ጠይቀው ይጀምሩ። ለራስዎ ክፍል ተማሪዎች ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ክፍት ሰዓት ያለ ክፍያ ይስጡና፣ ከዚያ በላይ እርዳታ የሚያስፈልጋቸውን ወደሚያምኑት ሌላ መምህር ይላኩ። እሱም የእሱን ተማሪዎች ወደ እርስዎ ቢልክ የሚከለክል የለም፤ በመካከላችሁ ግን የኮሚሽን ነገር አይግባ።